የሺአን ጥንታዊ ቅርሶች በአንድ ቀን ጉብኝት

በሰሜን ምዕራብ ቻይና በሻንሺ ግዛት የምትገኘው የሺአን ከተማና አካባቢዋ የበርካታ ሥርወ መንግሥታት መናገሻ ነበሩ። ለጉብኝት አንድ ቀን ብቻ ያለው እንግዳ ማለዳውን ከከተማዋ በስተምሥራቅ ለሚገኘው ለሊንቶንግ፣ ከሰዓት በኋላውን ደግሞ ለከተማዋ ቢያውል ይመረጣል።

በሊንቶንግ የሚገኘው የሸክላ ሠራዊት እ.ኤ.አ. በ1974 የውኃ ጉድጓድ ይቆፍሩ በነበሩ ገበሬዎች አማካይነት የተገኘ ነው። ሠራዊቱ ቻይናን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ221 አንድ ያደረገውን ንጉሠ ነገሥት ቺን ሺ ሁዋንግን ከሞት በኋላ እንዲጠብቅ የተሠራ ሲሆን፣ የምስሎቹ ብዛት ወደ 8 ሺህ ይገመታል። አብዛኞቹ 230 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው በአንደኛው ጉድጓድ ውስጥ ተሰልፈዋል። የአካል ክፍሎቹ በቅርጽ ማውጫ ቢሠሩም ፊቶቹ በእጅ የተጠናቀቁ በመሆናቸው መልካቸው የተለያየ ነው።

ዛሬ ጎብኚው የሚያየው የአፈር መልክ ግን የመጀመሪያው ገጽታ አይደለም። ወታደሮቹ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊና ሌሎች ቀለማት ተቀብተው ነበር። ከቀለሙ ሥር ያለው ከዛፍ ሙጫ የተዘጋጀ ቅብ ለብዙ ዘመናት እርጥብ አፈር ውስጥ ቆይቶ ከደረቅ አየር ጋር ሲገናኝ በደቂቃዎች ውስጥ ተሸብሽቦ ይረግፋል። በመጀመሪያዎቹ ቁፋሮዎች በርካታ ቀለማት በዚህ ሁኔታ ጠፍተዋል። የሰፊው ክፍል ቁፋሮ በዝግታ እንዲካሄድ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው።

የንጉሠ ነገሥቱ መቃብር ራሱ እስከ አሁን አልተከፈተም። የታሪክ ጸሐፊው ሲማ ቺየን በመቃብሩ ውስጥ የባዜቃ ወንዞች መሠራታቸውን ጽፏል፤ በጉብታው አፈር ላይ የተካሄዱ ምርመራዎችም ከፍተኛ የባዜቃ መጠን አሳይተዋል። የተቀበረውን ሳይነኩ ማቆየት ከመቆፈር የላቀ ጥበቃ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያዳግታል። መቃብሩና የሸክላ ሠራዊቱ እ.ኤ.አ. በ1987 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

ከሰዓት በኋላ በከተማዋ የሚጎበኘው ታላቁ የዝይ ፓጎዳ እ.ኤ.አ. በ652 የታነጸ ሲሆን፣ መነኩሴው ሹዋንዛንግ ከህንድ ያመጣቸው የቡድሂዝም መጻሕፍት ይጠበቁበት ነበር። በ14ኛው ክፍለ ዘመን በሚንግ ሥርወ መንግሥት የተሠራው የከተማዋ ቅጥር ደግሞ 12 ሜትር ያህል ከፍታና 13.7 ኪሎ ሜትር ዙሪያ አለው። በቅጥሩ አናት ላይ ብስክሌት ስለሚከራይ፣ በእግር መዞር የከበደው ጎብኚ ዙሪያውን ከምሽት በፊት ማጠናቀቅ ይችላል።