ምኒልክ ያልተቀመጡበት ወንበር

ሐምሌ ነበር። ካሊፎርኒያ በጋ ነው ቢባልም ዳሊ ሲቲ በሐምሌ ጭጋግ ትለብሳለች፤ ልክ እንደ አገር ቤቱ ሐምሌ ጃኬት ታስለብሳለች። ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ሰፈራችን ያለ አንድ ቡና ቤት ገብተን በየሳምንቱ የሚደረገውን የጥያቄና መልስ ውድድር ስንጫወት አመሸን። ጠያቂው ሰባተኛውን ጥያቄ አነበበ፦ «በአገሩ ኤሌክትሪክ ሳይኖር የኤሌክትሪክ መግደያ ወንበር ከአሜሪካ አስመጥቶ፣ ኋላ ላይ ዙፋን ያደረገው የአፍሪካ ንጉሥ ማን ነው?»

ጓደኞቼ ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ። መልሱን አውቀዋለሁ። ውሸት መሆኑንም አውቃለሁ። እርሳሱን አንስቼ «ምኒልክ» ብዬ ጻፍኩና ነጥቡን ወሰድን። በዚያ ነጥብ ነው ያሸነፍነው።

ታሪኩን ያልሰማ ካለ እንዲህ ነው። ምኒልክ በኒው ዮርክ ስለተፈለሰፈው አዲስ መግደያ ይሰማሉ፤ ሁለት ወይም ሦስት ወንበር ያዛሉ (ቁጥሩ እንደ ተራኪው ይለያያል)፤ ዕቃው ሲደርስ ኤሌክትሪክ እንደሚያስፈልገው ይነገራቸዋል፤ ገንዘቡ ከሚባክን ብለው አንዱን ወንበር ዙፋን ያደርጉታል። በእንግሊዝኛ «ይህን ያውቁ ኖሯል?» በሚሉ መጻሕፍትና ገጾች ለአሥርተ ዓመታት ሲገለባበጥ ኖሯል። ከጎኑ ብዙውን ጊዜ ሁለተኛ ወሬ ይለጠፋል፤ ንጉሠ ነገሥቱ ሲታመሙ የመጽሐፍ ቅዱስ ገጽ እየቀደዱ ይበሉ ነበር የሚል።

እስቲ ወንበሩን በቁም ነገር እንመርምረው። በኤሌክትሪክ ወንበር የተገደለው የመጀመሪያው ሰው ዊልያም ኬምለር ይባላል። ቦታው በኒው ዮርክ ግዛት የሚገኘው የኦበርን እስር ቤት፣ ቀኑ እ.ኤ.አ. ኦገስት 6 ቀን 1890 ነው። የመጀመሪያው ምት አልገደለውም፤ ሁለተኛ ተለቀቀበት። የወንበሩ ታሪክ ኤዲሰንና ዌስቲንግሃውስ በመብራት ንግድ ካደረጉት ፉክክር ጋር የተያያዘ ነው፤ የመንግሥት እስር ቤት መሣሪያ እንጂ ከሱቅ የሚታዘዝ ዕቃ አልነበረም። አሜሪካ ወደ ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን መልእክተኛ፣ ሮበርት ስኪነርን፣ የላከችው እ.ኤ.አ. በ1903 ነው። ከዚያ በፊት አንድ የኒው ዮርክ ዕቃ ሸዋ ለመድረስ ከዘይላ ወይም ከጅቡቲ ወደብ በግመል ሐረር፣ ከሐረር ደግሞ በጭነት ከብት ወደ መሀል አገር ሳምንታት መጓዝ ነበረበት።

ከመጓጓዣው በላይ ግን ሕጉ አይገጥምም። በዚያ ዘመን ነፍስ የገደለ ሰው ሞት ከተፈረደበት በልማድ ለሟች ወገን ይሰጣል። ወገን ቢፈልግ በገደለበት ዓይነት ይገድለዋል፤ ቢፈልግ የደም ዋጋ ተቀብሎ ይምረዋል። መንግሥት ራሱ ሲቀጣም ገመድና ዛፍ በቂው ነበር። የኦበርኑ ወንበር ሞት በግድግዳ ውስጥ ተደብቆ የሚፈጸምበት፣ ገዳይ እጅም የማይታይበት መሣሪያ ነው። በአራዳ ገበያ ፊት የሚፈጸም፣ የሟች ቤተሰብ ቆሞ የሚያየው ቅጣት ባለበት አገር እንዲህ ያለ መሣሪያ የሚመልሰው ጥያቄ የለም። ይህን ሳስብ ወሬው ስለ ምኒልክ አለማወቅ ሳይሆን ስለ ተራኪዎቹ አለማወቅ የሚናገር ይመስለኛል።

ታዲያ ለምን ይታመናል? ግማሹ እውነት ስለሚመስል ነው። ምኒልክ ማሽን ይወዱ ነበር። ስዊዙ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ውኃ ሽቅብ ወደ ቤተ መንግሥት በቧንቧ ሲያስወጣ ሕዝቡ ተገርሞ ግጥም ገጥሞለታል። ስልኩ፣ ፖስታው፣ ባቡሩ፣ መኪናው ሁሉ በእሳቸው ዘመን ገባ። የመብራቱም ታሪክ ቢሆን፣ ቤተ መንግሥቱን ያበራ የመጀመሪያው ጄኔሬተር እ.ኤ.አ. በ1898 ገደማ እንደ መጣ ይነገራል። ለዕቃ የሚጓጓ ንጉሥ በመኖሩ፣ ያልገዙትን ዕቃ በስማቸው መመዝገብ ቀላል ሆነ።

እኔን ያሳሰበኝ ግን ቀኑ ነው። የእኛን ቁጥር ከእነሱ ጋር ማስተያየት ልማዴ ስለሆነ ያን ኦገስት 6 ወደ አገራችን አቆጣጠር መለስኩት። ነሐሴ 1 ቀን 1882 ዓ.ም. ሆነ፤ የፍልሰታ ጾም መግቢያ። ምኒልክ እንጦጦ ማርያም ዘውድ የደፉት በዚያው ዓመት ጥቅምት 25 ቀን ነው። ገና ዓመት አልሞላቸውም። ያም ዓመት ተራ ዓመት አይደለም፤ ክፉ ቀን የምንለው ዘመን እምብርት ነው።

ክፉ ቀን የጀመረው በከብት ነው። በአብዛኛው እንደሚታመነው እ.ኤ.አ. በ1887 ጣሊያኖች ለጦራቸው ምጽዋ ካወረዷቸው ከብቶች ጋር አንድ በሽታ ገባ። በአማርኛ ስሙ ደስታ ነው። አዎ፣ ደስታ። ሥነ ጽሑፍ የሚያጠና ሰው በዚህ ቃል ላይ ብዙ ሊራቀቅ ይችላል፤ እኔ የማስበው በደጅ የቆመን ክፉ በደግ ስም እንደ መጥራት፣ እንደ ማባበል ያለ ነገር ነው። ደስታ ከምጽዋ ተነስቶ ትግራይን፣ ጎንደርን፣ ጎጃምን፣ ሸዋን አዳረሰ። ከመቶ ዘጠና ያህሉ ከብት አለቀ ይባላል። በሬ የሌለው ገበሬ አላረሰም፤ ዝናብ ቀረ፤ የተረፈውን ቡቃያ አንበጣና ተምች በላው። ከዚያ ረኃብ፣ ከረኃቡ ጋር ፈንጣጣና ተስቦ። የታሪክ ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት ግምት የሕዝቡ ሲሶ አለቀ የሚል ነው። ግምት ነው፤ የቆጠረ አልነበረም።

ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ በዜና መዋዕላቸው ስለ ንጉሡ በዚህ ጊዜ የጻፉት ስለ ወንበር አይደለም። በሬ በማለቁ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት መቆፈራቸውን፣ መኳንንቱም እሳቸውን አይተው መቆፈራቸውን ነው። ዜና መዋዕል የንጉሥ ማወደሻ ነውና በጥንቃቄ ይነበብ። እኔም ቢሆን ዶማው ስንት ሰዓት እንደ ተያዘ እጠራጠራለሁ። ግን አንድ የቤተ መንግሥት ጸሐፊ ለጌታው ክብር ብሎ የመረጠው ሥዕል ዶማ መሆኑ ራሱ ዘመኑን ይናገራል። በድሮ ጊዜ ዶማ የያዘ ንጉሥ ማን ያከብር ነበር?

ይህ መጽሐፍ የራሱ «መጀመሪያ» አለው። ጸሐፌ ትእዛዙ በአማርኛ የጻፉት ታሪክ መጀመሪያ የታተመው በፈረንሳይኛ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መግቢያ ላይ ፓሪስ ውስጥ። አማርኛው እስከ 1959 ዓ.ም. ጠብቋል። ፈረንሳይኛ የሚያነብ ሰው ስለ ዶማው ከሠላሳ ዓመት በላይ ቀድሞን ማንበብ ይችል ነበር ማለት ነው። ወንበሩን የሚተርኩት ሰዎች ምንጭ አጡ አይባልም።

እንግዲህ ይህን ያህል በፈረንጅ ከፈረድኩ ወደ ራሴም ልዙር። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ በትምህርት ቤት ጥያቄና መልስ አንድ ደርዘን ደብተር አሸንፌአለሁ። ጥያቄዎቹ ዛሬም በሬዲዮና በየመጽሔቱ ጥግ የሚታዩት ዓይነት ነበሩ። የመጀመሪያውን መኪና ወደ አዲስ አበባ ያመጣው ማን ነው? (ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ፤ ጉዞውን ክሊፎርድ ሃል እ.ኤ.አ. በ1913 በመጽሐፍ ተርኮታል።) የመጀመሪያው ቴምብር የት ታተመ? ፓሪስ። የመጀመሪያው ሆቴል? እቴጌ። አንድም ቀን ስለ ክፉ ቀን አልተጠየቅኩም። የሐረር ስልክ መቼ ተዘረጋ ይባላል እንጂ ሽቦውን ዝሆን እየበጠሰው፣ ሰውም ለጌጥ እየቆረጠው ማን ሲጠግን ኖረ አይባልም። የእኛ ዝርዝር ንጉሡን ያከብራል፣ የእነሱ ይስቅባቸዋል፤ ሁለቱም ግን አንድ ሰውና አንድ ዕቃ ብቻ ያሳያሉ። ገበሬው በሁለቱም ሥዕል ውስጥ የለም።

የምኖርባት ከተማ ስሟን ያገኘችው ከአንድ የወተት ላም አርቢ ነው፤ ጆን ዴሊ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1906 ሳን ፍራንሲስኮ በርዕደ መሬትና በእሳት ስትፈርስ ስደተኞች ወደ ላሞቹ ግጦሽ ሸሹ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ያ ሰፈር ከተማ ሆነ። የዚያ አደጋ ሟቾች ቁጥር በይፋ ለብዙ አሥርተ ዓመታት ከ500 በታች ነበር። ግላዲስ ሃንሰን የተባለች የሳን ፍራንሲስኮ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ግን አላመነችውም። የሟቾችን ስም አንድ በአንድ መልቀም ጀመረች፤ በመጨረሻ ከ3,000 በላይ መሞታቸውን አሳየች። ይህን በሰማሁ ቁጥር እቀናለሁ። የእኛ ሲሶ ስም ዝርዝር የለውም። ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ ክፉ ቀን ያወጡት ጥናት የዘመኑን ምስክሮች ሰብስቧል፤ ግን ከስም ይልቅ የተጓዦችና የሚሲዮኖች እማኝነት ነው የበዛው።

አሁን ወደዚያ ቡና ቤት ልመለስ። በሚቀጥለው ሳምንት ጠያቂው ከተወዳዳሪዎችም ጥያቄ እቀበላለሁ ስላለ አንድ ጽፌ ሰጠሁት፦ «በሰው ጥረት ከምድር ላይ ፈጽሞ የጠፋው የመጀመሪያው የእንስሳት በሽታ ማን ይባላል?» መልሱ ያ ደስታ ነው። በዓለም መጥፋቱ የታወጀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ከመጨረሻዎቹ ምሽጎቹ አንዱ የእኛ አፋር ነበር፤ መኪናና ማቀዝቀዣ የማይደርስበት ቆላ። በ1990ዎቹ ሙቀት የሚችል ክትባት ተሠርቶ፣ ክትባቱን ይዘው ከብት ተከትለው የሄዱት ለዚሁ የሠለጠኑ አርብቶ አደሮች ራሳቸው ናቸው። ለጥያቄና መልስ የሚሆን «መጀመሪያ» ከተፈለገ ይህ አለ።

ጥያቄው ሲነበብ ቤቱ ዝም አለ። ከእኛ ጠረጴዛ አንዱ ጓደኛዬ ግን ወደ እኔ ጠጋ አለ። ወላጆቹ ከፊሊፒንስ ናቸው፤ በዳሊ ሲቲ ከሦስት ሰው አንዱ እንደ እሱ ነው። «ይሄ በሽታ ካራባዎቹን የፈጀው አይደለም?» አለኝ። ካራባው የሚያርሱበት ጎሽ ነው። በዚያው በእኛ ክፉ ቀን ሰሞን እዚያም ገብቶ፣ በሚቀጥሉት ዓመታት አብዛኛውን ካራባው ጨርሷል። በቤታቸው ሲወራ የሰማው ታሪክ አለ፤ የአያቱ እናት ልጅ ሳሉ እርሻው ላይ ቀንበሩን የሚጎትቱት ሰዎች ነበሩ ይባላል።

ስለ ዶማው ነገርኩት። ጥያቄው የእኔ ስለ ነበር መልስ እንድንሰጥ አልተፈቀደልንም፤ በዚያ ምሽት አራተኛ ወጣን።