የቴክ ፕሮግራም ተከላ ታሪክ

የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ዶናልድ ክኑዝ የመጽሐፋቸውን የኅትመት ናሙና አይተው ባለመደሰታቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1977 ቴክ የተባለውን የገጽ ማቀናጃ ፕሮግራም መንደፍ ጀመሩ። መጀመሪያ የተጻፈበት ሴይል የተባለው ቋንቋ በጥቂት ኮምፒዩተሮች ብቻ ይሠራ ስለነበር፣ በ1982 በፓስካል ላይ ተመሥርቶ እንደ አዲስ ተጻፈ። ተከላው ግን አልቀለለም። የፊደላቱ ቅርጽ ለየአታሚ መሣሪያው የነጥብ ጥግግት ለብቻ መዘጋጀት ነበረበት፤ ፋይሉም በሚፈለግበት ማኅደር ካልተገኘ ጽሑፉ በትክክል አይታተምም። በእኔ ግምት ባለሙያውን ይበልጥ ያደከመው የፕሮግራሙ ጉድለት ሳይሆን ይኸው ፍለጋ ነው። ክኑዝ ያሰናዱት «ትሪፕ» የተባለው ፈተና እንኳ የፕሮግራሙን ትክክለኛነት እንጂ የፋይሎቹን አቀማመጥ አይመረምርም። በ1996 የወጣው ቴክ ላይቭ ፕሮግራሙንና ፊደላቱን በአንድ የማኅደር ሥርዓት አጠቃሎ አቀረበ። ዛሬ ፋይል ጠፋ ሲባል፣ ኬፒኤስኢዊች የተባለው ትእዛዝ ፋይሉ የተገኘበትን ማኅደር ያሳያል፤ ካልተገኘም ምንም አይመልስም።