የተዳፈነ እሳት፤ ስለ ውሃና ስለ ማገዶ ቁጠባ

ቁጠባ ማለት ንፉግነት ማለት አይደለም። ንፉግ ሰው ያለውን የሚሰስተው ሌላው እንዳይደርሰው ነው፤ ቆጣቢ ሰው ግን ያለውን የሚጠብቀው ለነገም ለጎረቤትም እንዲተርፍ ነው። ከውጭ ለሚያያቸው ሁለቱ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም መብራታቸውን ያጠፋሉ፣ ሁለቱም ቧንቧቸውን አጥብቀው ይዘጋሉ። የሚለዩት ችግር በመጣ ቀን ነው፤ ያን ቀን ንፉጉ በሩን ሲዘጋ ቆጣቢው ይከፍታል። ወጣቶች አንባቢዎቼ ሆይ፣ ይህን ነገር ከመጽሐፍ ያገኘሁት አይደለም። በተወለድሁበት በሀብሩ፣ ኋላም በኖርሁበት በወልድያ ካየሁትና ከሰማሁት፣ ይልቁንም ከራሴ ጥፋት የተማርሁት ነውና እንደ ታሪክ አድርጌ ልነግራችሁ እወዳለሁ።

ወልድያ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን 520 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በተራሮች ግርጌ የተሠራች ከተማ ናት። ቀድሞ የየጁ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች፤ ዛሬ የሰሜን ወሎ ዞን ዋና ከተማ ናት። ከእርሷ ተነሥቶ በደሴ መንገድ ወደ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የወረደ ሰው የሀብሩን ዋና ከተማ መርሳን ያገኛል። የመርሳ አገር ሞቃት ስለ ሆነ ማሽላና ጤፍ ያበቅላል፤ መስኖ በደረሰበትም ብርቱካንና ማንጎ ይለማበታል። ነገር ግን ዝናቡ የታመነ አይደለም፤ አንድ ዓመት ይመጣል፣ አንድ ዓመት ይቀራል። ስለዚህ ከወንዝ ቦይ ጠልፈው የሚያጠጡ ገበሬዎች «የውሃ አባት» የሚሉትን ሰው ይመርጣሉ፤ እርሱም ለእያንዳንዱ ተራውን ይከፍላል። በተራው ያላጠጣ ተራው ያልፈዋል፤ ውሃውን በከንቱ ያፈሰሰም ባልንጀሮቹ ይወቅሱታል። ውሃ የአንድ ሰው ንብረት ሳይሆን እጅ ለእጅ የሚተላለፍ አደራ መሆኑን የአገራችን ሰው ከጥንት ጀምሮ እንዲህ አድርጎ ያውቀው ነበር።

ያሳደገችኝ አያቴ በመርሳ አጠገብ ትኖር ነበር። ማታ ራት ተበልቶ ሲያበቃ ፍሙን በምድጃው መካከል ሰብስባ አመድ ታለብሰዋለች፤ ይህም እሳት ማዳፈን ይባላል። ሲነጋ አመዱን ገለጥ ስታደርገው ፍሙ እንደ ቀላ ይገኛል፤ ጭራሮ ጣል አድርጋ እፍ ስትልበት ይነዳል። ክብሪት የምትገዛው ከስንት አንድ ጊዜ ነበር። እሳቱ የጠፋበት ጎረቤት ልጁን ገል አስይዞ ይልካል፤ አያቴም ከፍሙ ከፍላ ትሰጠዋለች። ለወላጁ ያልተገኘውን ልጅ ሰዎች «የእሳት ልጅ አመድ» ይሉታል። በአያቴ ቤት ግን አመድ ለአባቱ ታማኝ ልጅ ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ ይጠብቀው ነበርና።

ውሃውም እንደዚሁ ነበር። ምንጩ ሩቅ ስለ ሆነ አንዱን እንስራ ውሃ ሁለት ሦስት ጊዜ ሥራ ታሠራዋለች። ጥራጥሬ የታጠበበት ለጥጃው ይሰጣል፤ እጅ የታጠበበት በጎመኑ መደብ ላይ ይፈስሳል፤ እጣቢው አቧራ በሚነሣበት ደጃፍ ላይ ይረጫል። ልብስ የሚታጠበው በእንዶድ ከወንዝ ወርዶ ነበር። ጎረቤታችን የነበሩት ሼህም ለስግደት ሲታጠቡ ከማንቆርቆሪያቸው ጥቂት ጥቂት እያንጠባጠቡ ነበር፤ በሃይማኖታቸው በወራጅ ወንዝ ዳር እንኳ ቢሆን ውሃ ማባከን የተነቀፈ መሆኑን እርሳቸው ነግረውኛል። ቡናውንም ብትመለከቱ አንድ ጊዜ በተወቀጠው ቡናና በአንዱ እሳት አቦል፣ ቶና፣ በረካ ይጠጣል፤ ለእነዚህ ሦስት ዙሮችም የመንደሩ ሰው ሁሉ ይጠራል። ቁጠባና ቸርነት በአንድ ጀበና ይፈላሉ ማለት ይህ ነው።

ይህን ስል ግን የጥንቱን ሁሉ አላወድስም። የአያቴን ዓይን ያጠፋው የዚያው ምድጃ ጢስ ነው፤ ጀርባዋንም ያጎበጠው ያው እንስራ ነው። እርሷ የቆጠበችው ውሃና ማገዶ ነበር እንጂ የራሷን ጉልበት የሚቆጥብላት ሰው አልነበረም።

ማገዶን አለመቆጠብ ከተማን እንደሚያስለቅቅ የአገራችን ታሪክ ይመሰክራል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ሃያ ዓመት እንኳ ሳይሞላት በዙሪያዋ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተቆርጦ አለቀ። ከዚያ በፊት የነበሩ ነገሥታት ማገዶ ባለቀባቸው ጊዜ ድንኳናቸውን ነቅለው ወደ ሌላ ስፍራ ይሄዱ ነበርና፣ ዳግማዊ አፄ ምኒልክም ከተማቸውን ወደ ምዕራብ ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። አዲስ አበባን በስፍራዋ ያቆያት በ1880ዎቹ መጨረሻ ከውጭ አገር የመጣው ባሕር ዛፍ ነው፤ ቶሎ ያድጋል፣ ቢቆርጡትም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ሆኖም ባሕር ዛፍ ውሃ ጠጪ ነውና ማገዶ የሰጠው ዛፍ በየስፍራው ምንጭ እንዳያደርቅ ያሰጋል። ከዚህ የምንማረው ውሃና ማገዶ እንደ ወንድምና እኅት መሆናቸውን ነው፤ አንዱን እየቆጠቡ ሌላውን ማባከን ቁጠባ አይባልም።

ስለ ወሎ ሲነገር የ1965 እና የ1966 ዓ.ም. ረኃብ፣ የ1977ቱም ረኃብ ሳይነሣ አይቀርም። በእነዚያ ዓመታት ከደሴ ወደ መቀሌ በሚወስደው በዚሁ በእኛ መንገድ ዳር የራበው ሰው እየወደቀ ቀርቷል። የወሎ ገበሬ ሳይቆጥብ ቀርቶ ተራበ የሚል ሰው ቢኖር ከባድ ሐሰት ይናገራል። ከእርሱ የበለጠ ቆጣቢ አልነበረም፤ ያጣው ዝናብና በጊዜው የሚደርስለት መንግሥት ነው። የ1966ቱ ረኃብ እንዲያውም ተደብቆ ከቆየ በኋላ ነው ለዓለም የተገለጠው። እንግዲህ ቁጠባ ሁሉን ነገር ያድናል ብዬ አላታልላችሁም። ቁጠባ የሚሠራው ጥቂት ባለበት ስፍራ ነው፤ ምንም ከሌለበት ስፍራ የሚያስፈልገው ፍትሕ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልመለስ። በወልድያ ቤት ሠርቼ ከተቀመጥሁ በኋላ ቧንቧ በግቢዬ ገባ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድም ገዛሁ። የአያቴን ጋንና እንስራ ቦታ አጣበቡብኝ ብዬ ለሰው ሰጠሁ። የግቢዬ ቧንቧ ሌሊቱን ሙሉ ጠብ ጠብ ሲል አንድ ዓመት ያህል አላስጠገንሁትም። ባል የሞተባቸው አንዲት ጎረቤቴ አንድ ቀን፣ «ልጄ፣ ይህ ቧንቧህ ሌሊት ሌሊት ሲያለቅስ ይሰማኛል፤ ምነው ብታስጠግነው?» አሉኝ። እኔም፣ «እማማ፣ ለጠብታ ምን ያስጨንቅዎታል? ሂሳቡን የምከፍለው እኔ ነኝ» ብዬ መለስሁላቸው። ዝም አሉ። እርሳቸው ጋናቸውን እንደ ሞሉ፣ ምድጃቸውንም እንዳዳፈኑ ይኖሩ ነበር፤ እኛም ኋላ ቀር ናቸው እያልን በልባችን እንስቅባቸው ነበር።

ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያና አካባቢዋ በጦርነቱ ውስጥ ወደቁ። መብራት ጠፋ፤ ውሃውን የሚገፋው በመብራት የሚሠራ ሞተር ነበርና ቧንቧውም አብሮ ደረቀ። ነሐሴ የዝናብ ወር በመሆኑ በመጀመሪያ ከጣራ የሚወርደውን በሳፋ እየተቀበልን ቆየን። መስከረም ጠብቶ ዝናቡ ሲያቆም ግን መከራው መጣ፤ ውሃ ማጠራቀሚያ አልነበረንም። ምጣዳችን ከግድግዳው ጥግ እንደ ተደገፈ ቀረ። ክብሪታችንም ባለቀ ቀን ትንሹ ልጄ ገል ይዞ ወደ እኒያ ሴት ደጅ ሲሄድ አየሁት። ማን እንዳስተማረው አላውቅም። ፍም ይዞ ተመለሰ፤ በሌላው እጁም አንድ ጆግ ውሃ ይዞ ነበር። ላመሰግናቸው ሄጄ አንገቴን ደፍቼ ብቆም፣ «እሳት ቢሰጡት አያልቅም፤ ውሃ ግን ያልቃልና በየቀኑ አንድ ጆግ እሰጥሃለሁ፤ ለልጆቹ መጠጥ ብቻ አድርገው» አሉኝ። ስለ ቧንቧው አንድ ቃል አላነሡብኝም። «ሂሳቡን የምከፍለው እኔ ነኝ» ያልሁት ትዝ አለኝ፤ የከፈልሁት ያን ቀን ነው፤ የከፈሉልኝም እርሳቸው ናቸው።

ሰላም ሲሆን፣ መብራቱም ሲመለስ፣ የመጀመሪያው ሥራዬ ቧንቧውን ማስጠገን ነበር። ከማስጠገኔ በፊት ባለሁለት ሊትር ጆግ ከሥሩ ባኖር ሲነጋ ሞልቶ ፈስሶ አገኘሁት። ያ እኒያ ሴት በየቀኑ ከሚሰጡኝ ውሃ ይበልጥ ነበር።

ከዚያ በኋላ በቤቴ ሂሳብ መያዝ ጀመርሁ፤ እናንተም እርሳስ አንሥታችሁ አስሉት። 60 ዋት የሚስበው የዱሮው አምፖል በቀን 5 ሰዓት ቢበራ በ30 ቀን 9 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ 9 ዋት የሚስበው አዲሱ አምፖል ግን 1.35 ብቻ ነው። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ትልቁ በላተኛ ምጣዱ ነው። 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ አንድ ሰዓት ቢጣድ 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ በዚህ ኀይል ያ 9 ዋት አምፖል በቀን 5 ሰዓት እየበራ ከ70 ቀን በላይ ያበራ ነበር። ስለዚህ አምፖል እያጠፉ ምጣድን ባዶውን ማጋል ጭድ ለቅሞ ክምር እንደ ማቃጠል ነው። በእኛ ቤት ሊጡ ሳይደርስ ምጣዱ አይለኮስም፤ የሳምንቱ እንጀራ በአንድ ጊዜ ይጋገራል፤ የመጨረሻው እንጀራ ሲሰፋ ምጣዱ ይጠፋና በቀረው ሙቀት ይበስላል፤ ከዚያም በትኩሱ ቆሎ ይታመስበታል። ዋጋውም ቢሆን ብዙ ለተጠቀመ ሰው በእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት እየጨመረ ይሄዳል፤ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ታሪፉ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ ከፍ እንዲል ተወስኗል። በዚያው ዓመት ጳጉሜን 4 ቀን ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ተመርቋል፤ የግድቡ መሞላት ግን የቤታችንን ሂሳብ አያስቀርም።

በእንጨት የምትጋግሩ ብትሆኑ «ምርጥ» የሚባለው የተዘጋ ምድጃ በሦስት ጉልቻ ከሚነደው እሳት ማገዶውን በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ ተረጋግጧል፤ ጢሱም ለእናቶቻችሁ ዓይን ይቀልላል። ባቄላና ሽምብራ ማታ ተዘፍዝፎ ቢያድር፣ ድስቱም ቢከደን፣ እሳቱ ያጥራል። የጣራ ውሃ በበርሜል ይጠራቀም፤ ትንኝ እንዳይፈላበት ግን ይከደን። አንድ ነገር ደግሞ አደራ እላችኋለሁ፤ ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ አቀጣጥላችሁ አትተኙ፤ የማይታይ ጢሱ ይገድላልና።

ይህን ሁሉ ስትሠሩ የምታተርፉት ብር ጥቂት ሊሆን ይችላል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላልና ብሩም አይናቅም። ከብሩ የሚበልጥ ትርፍ ግን አለ። አንድ ቀን የጎረቤት ልጅ ገል ይዞ ከደጃችሁ ይቆም ይሆናል። ያን ቀን አመዱን ገለጥ ስታደርጉ ፍም ይገኝበት ዘንድ ዛሬ ማታ አዳፍኑ።