ከላም በረት እስከ ወረገኑ

መገናኛ ታክሲ ተራ ቆሞ የወያላውን ጩኸት ያልሰማ ተማሪ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። «ገርጂ ገርጂ! ጉርድ ሾላ! ላም በረት! ሲኤምሲ አያት፣ አንድ ሰው የቀረው!» ይላል፤ እኛም ደብተራችንን ብብታችን ውስጥ ሸጉጠን ተጋፍተን እንገባለን። ስሙን የምንፈልገው መውረጃችንን ለማወቅ ብቻ ነው። ለመሆኑ ግን «ላም በረት የማን ላሞች በረት ነበረ? ጉርድ ሾላ ሳይጎረድ፣ ሙሉ ሾላ ሳለ፣ ከጥላው ሥር ማን ያርፍ ነበር?» ብሎ የጠየቀ ከእኛ ውስጥ ማን አለ?

እውነቱን ለመናገር እኔም አልጠየቅሁም። ስለ ዛጉዌ ነገሥታትና ስለ ፈረንሳይ አብዮት በፈተና ወረቀት ላይ ገጽ የምሞላ ሰው፣ በየቀኑ ስለምረግጠው መሬት ግን አንዲት መስመር መጻፍ አልችልም ነበር። ያነቃኝ ድንገተኛ ነገር ነው። ስለ ቀድሞው የመሬት ሥሪት ለፈተና ሳጠና፣ ከመሬት ዓይነቶች ዝርዝር ውስጥ «ወረገኑ» የሚል ቃል አገኘሁ። ቆይ እንጂ! ይህ እኮ በገርጂ በኩል ያለ ሰፈር ስም ነው፤ «ቦሌ ወረገኑ» ሲባል ስሰማው የኖርኩት ነው። የዚያን ሌሊት መጽሐፉን አጥፌ ብዙ አሰብኩ። ይህች ጽሑፍ ከዚያ ሐሳብ የተወለደች ናት።

በቀድሞው ሥርዓት ቤተ መንግሥቱ በዋናነት የሚተዳደረው ከገበያ በሚገዛ እህል አልነበረም። ሁዳድ በሚባለው መሬት ላይ ገባሩ በግዴታ እየወጣ ያርሳል፣ ያርማል፣ ያጭዳል፤ ምርቱ ወደ ግቢ ይገባል። የማድ ቤት መሬት የሚባለው፣ ስሙ እንደሚያመለክተው፣ ለግቢው ማድ ቤት ስንቅ ያቀርባል። ለፈረስና ለበቅሎ ግጦሽ የተከለለው በባልደራስ ስም ይጠራል፤ ባልደራስ የቤተ መንግሥቱ ፈረሶች አለቃ ነውና። ለቀንድ ከብቱ ግጦሽ የተያዘው ደግሞ ወረገኑ ይባላል። ወረገኑ የመስኩ ስም ብቻ አይደለም፤ ከብቱን የሚጠብቁት ሰዎችም በዚሁ ስም ይጠሩ ነበር።

እስቲ ቃሉን ራሱን እንመልከተው። «ወረ» በኦሮምኛ ቤተሰብ፣ ወገን፣ የእገሌ ሰዎች ማለት ነው። በወሎ ወረ ኢሉ፣ ወረ ባቦ፣ ወረ ሂመኖ፤ በሰሜን ሸዋ ወረ ጃርሶ ሲባል የምንሰማው ይህንኑ ቃል ነው። እንግዲህ ወረገኑ መሬትን ከመጥራቱ በፊት ሰውን የሚጠራ ስም ነው ማለት ነው። በአማርኛ የሚያዝዘው ቤተ መንግሥት ከብት ጠባቂዎቹን በኦሮምኛ ቃል መጥራቱም፣ ሥራው በማን ጫንቃ ላይ እንደ ነበረ የሚጠቁም ይመስለኛል።

ከተማዋ ከመቆርቆሯ በፊት ይህ አገር ባዶ አልነበረም። በ1879 ዓ.ም እቴጌ ጣይቱ አዲስ አበባ የሚለውን ስም ሲያወጡ የፍል ውኃው አካባቢ ፊንፊኔ ይባል ነበር፤ በዙሪያውም የቱለማ ኦሮሞ ጎሳዎች ያርሱ፣ ከብት ያረቡ ነበር። ዛሬ የሰፈርና የክፍለ ከተማ ስም አድርገን የምንጠራቸው ጉለሌና የካ የጎሳ ስሞች ናቸው። በየካ ተራራ ላይ ከዐለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤልም፣ ከዋና ከተማነት አስቀድሞ በዚህ ምድር ሰው እንደ ሠራና እንደ ጸለየ ቆሞ ይመሰክራል።

አዲስ አበባ ገና በድንኳን ሳለች ክፉ ቀን መጣ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም በዘለቀው በዚያ መከራ፣ በምጽዋ በኩል ከውጭ ከመጡ ከብቶች የተነሣ ወረርሽኝ አብዛኛውን የአገሩን በሬና ላም ጨረሰ። በሬ ያጣ ገበሬ ማረስ አቃተው፤ ረኃቡም ወደ ሰው ዞረ። አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፈሩ ተብሎ እስከ ዛሬ ይነገራል። ከዚያ ወዲያ አንዲት ላም ምን ያህል እንደምትከበር ገምቱ! ከብት መጠበቅ ተራ እረኝነት መሆኑ ቀርቶ የመንግሥቱን ጉልበት መጠበቅ ሆነ። በግብር ቀን በአዳራሹ በሺህ የሚቆጠር ሰው ብርንዶ ሲቆርጥ መኳንንቱ በየማዕረጋቸው ይቀመጣሉ፤ ጸሐፊውም የማንን ስም ማስፈር እንዳለበት ያውቃል። ሥጋው ከየትኛው መስክ መጣ? ቅቤውን የናጠችው ማን ናት? ጅብ ያባረረው፣ በክረምት ጭቃ ውስጥ ያደረው ማን ነው? ስማቸውን የሚጠይቅ አልነበረም። የቀረላቸው የወል ስማቸው ብቻ ነው፤ እሱም በመሬቱ ላይ የቀረው።

እዚህ ላይ የከተማችንን ስሞች በሁለት ረድፍ ማሰለፍ ይቻላል። በአንደኛው ረድፍ የጌቶቹ ስሞች አሉ፤ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ መኰንን ድልድይ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ። እነዚህ ታሪካቸው ተጽፎላቸዋል። በሁለተኛው ረድፍ ያሉት የሥራ ስሞች ናቸው፤ ሠራተኛ ሰፈር፣ ዘበኛ ሰፈር፣ ዶሮ ማነቂያ፣ ላም በረት፣ ወረገኑ። በእነዚህ ውስጥ አንድም ሰው በተጸውዖ ስሙ አልተጠራም፤ የተጠራው በእጁ ሥራ ነው። የከተማዋን ምሥራቅ ስንመለከት ደግሞ የሁለተኛው ረድፍ ስሞች ይበረክታሉ። ላም በረት፣ ወረገኑ፣ በየካ በኩል ባልደራስ፣ ከዛፍ ስም ጉርድ ሾላ። ከጽሑፍ በፊት ስሞቹ ራሳቸው ይናገራሉ፤ ይህ ወገን መስክ ነበር፣ በረት ነበር፣ የዛፍ ጥላ ነበር።

ታዲያ ይህ መስክ እንዴት ቦሌ ሆነ? ነገሩን ያመጣው አውሮፕላን ነው። ልደታ የነበረው ማረፊያ ለጄት አውሮፕላኖች ስለማይበቃ አዲሱ ማረፊያ ከከተማው ወጣ ብሎ ቦሌ ላይ ተሠራ፤ በ1955 ዓ.ም አገልግሎት ሰጠ። በዚያው ዓመት ግንቦት 17 ቀን የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ተመሠረተ። ከማረፊያው ወደ መሐል ከተማ የሚያመጣው ሰፊ መንገድ አፍሪካ ጎዳና ተባለ። ሰው ግን ምን አለ? «ቦሌ መንገድ» አለ፤ እስከ ዛሬም እንዲያው ይላል። ሰሌዳ የሚጽፈው ሌላ፣ ስም የሚያወጣው ሌላ ነው።

ቦሌም ራሱ የገጠር ስም ነበረ፤ ከአውሮፕላኑ ወዲህ ግን ተሾመ። ቦሌ ቡልቡላ፣ ቦሌ ለሚ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ቦሌ ወረገኑ ሲባል እንሰማለን። በአገራችን ልማድ የራስ ስም ቀድሞ የአባት ስም ይከተላል፤ ከራስ ስም ፊት የሚገባ ነገር ቢኖር ማዕረግ ነው፤ ራስ እገሌ፣ ደጃዝማች እገሌ እንደሚባለው። ቦሌ በጎረቤቶቹ ስም ፊት የገባው እንደዚሁ እንደ ማዕረግ ነው። ገጠሩ በየተራ «ቦሌ» እየተባለ ሲሾም መሬቱ ዋጋ አወጣ፤ ባለመሬቱ ገበሬ ግን ከሹመቱ አልደረሰውም።

በየካቲት 1957 ዓ.ም የያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ታላላቆቻችን፣ «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ። በዚህ እንኮራለን፤ መኩራትም ይገባናል። ነገር ግን ወረገኑን ካወቅሁ ወዲህ አንዲት ጥያቄ ታብሰለስለኛለች። መሬት ለአራሹ ከሆነ ለእረኛውስ? በማያርሰው፣ ግን ዕድሜውን ሙሉ በጠበቀው መስክ ላይ መብቱ ምን ነበር? መፈክር አጭር ነው፤ አገር ግን ረጅም ነው። ይህን የምለው ታላላቆቻችንን ለመንቀፍ አይደለም። ከተማሪ አፍ የወጣ አንድ ቃል ማንን እንደሚያስገባና ማንን እንደሚያስቀር እኛም ከወዲሁ እንድናስብበት ብዬ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የገጠር መሬት፣ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ የሕዝብ ሆኑ። የጌታና የጭሰኛ ነገር አበቃ፤ ትልቅ ነገር ነው። በስሞች ላይ የመጣው ግን ቁጥር ነበረ። ሰፈሩ ሁሉ ከፍተኛ ይህን ያህል፣ ቀበሌ ይህን ያህል ተባለ። መታወቂያ ላይ «ወረገኑ» ተብሎ አይጻፍም፤ ቁጥር ይጻፋል። ሆኖም ቁጥሩ ራሱ ስንት ጊዜ ተቀያየረ! ከፍተኛው ቀርቶ ወረዳ መጣ፣ ክፍለ ከተማ መጣ፤ የአሥራ አንደኛው ክፍለ ከተማ ለሚ ኩራ መቋቋም እንኳ በ2013 ዓ.ም ነው። በዚህ ሁሉ መካከል ሳይቀየር የኖረው እናቶቻችን «ወዴት ነሽ?» ሲባሉ የሚመልሱት ስም ነው።

ያለ አዋጅ የገቡ ስሞችም አሉ። ሲኤምሲ ቤቶቹን የሠራው የጣልያን የሥራ ተቋራጭ ስም ምሕጻር ነው። ካዛንቺስ በወረራው ዘመን ለጣልያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት ከሚሠራው ድርጅት ስም የመጣ ነው። ወራሪው በአምስት ዓመቱ ሄደ፤ ስሙን ግን የአገሩ ሰው በራሱ አፍ አሽቶ የራሱ አደረገው። በ2017 ዓ.ም ብዙ የካዛንቺስ ቤቶች ሲፈርሱ ያለቀሱት ሰዎች ለጣልያን አላለቀሱም፤ ለቡና ጠጪ ጎረቤታቸውና ለዕድራቸው እንጂ። ስም የሚከብረው ባወጣው ሰው አይደለም፤ በኖረበት ሰው ነው።

አንድ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ይህን ሐሳቤን ሰምቶ «ወንድሜ፣ ስም እንጀራ ይሆናል ወይ?» አለኝ። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ እንደ ቀላል ልመልሰውም አልፈልግም። ወረቀት የሌለው ገበሬ ድንበሩን የሚያውቀው በምንድን ነው? «ከዚያች ሾላ እስከዚያ ወንዝ፣ ከእገሌ ማሳ እስከ ጉብታው» ብሎ አይደለም ወይ? የዛፏ ስም፣ የወንዙ ስም፣ የጉብታው ስም የእሱ ካርታ ነው። ስሙ የጠፋ ዕለት ምስክሩ ይሞታል። በ2006 እና በ2008 ዓ.ም መካከል የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የተቀናጀ ማስተር ፕላን ስንት ሕይወት የጠፋበት ተቃውሞ እንዳስነሣ፣ በመጨረሻም በጥር 2008 ዓ.ም እንደ ተተወ ሁላችንም እናውቃለን። ያ ነገር ስለ ካርታ ብቻ አልነበረም፤ የዚህ መሬት ሰው ማን ነው የሚል ጥያቄ ነበር። እንግዲህ ስም እንጀራ ባይሆንም የእንጀራው ማሳ የት እንደ ነበረ ይናገራል።

ነገር ግን ጓደኛዬ በአንድ በኩል ረትቶኛል፤ ስም መጠበቅ ብቻውን ሰውን መጠበቅ አይደለም። በ1996 ዓ.ም የኮንዶሚኒየም ቤት የሙከራ ግንባታ በቦሌ ገርጂ ተጀመረ፤ ገርጂ የሚለው ስም ግድግዳው ላይ ተጻፈ። ቦሌ ለሚ የኢንዱስትሪ ፓርክ ሆነ፤ «ለሚ» በትልቁ ተሰቀለ። ባልደራስ ኮንዶሚኒየም ሆነ፤ ፈረሱ የለም። ጉርድ ሾላ ከ2008 ዓ.ም ጀምሮ የቀላል ባቡር ጣቢያ ሆነ፤ ሾላዋን የሚያስብ የለም። ስለዚህ መርሳት ሁለት ዓይነት ነው እላለሁ። አንደኛው ሰው በቦታው እያለ ስሙን በቁጥር መለወጥ ነው። ሁለተኛው ስሙን በሰሌዳ ሰቅሎ ሰውየውን ማንሣት ነው። የመጀመሪያውን ቶሎ እናውቀዋለን፤ ሁለተኛው ግን መታሰቢያ ስለሚመስል ያታልላል።

ታዲያ እኛ ምን እናድርግ? ቤት ሠርተን የምናድል አይደለንም፤ ሕግም አናወጣም። ያለን ደብተርና ጆሮ ነው። ለክረምት ወደየቤታችን ስንሄድ እያንዳንዳችን አንድ አባት ወይም አንዲት እናት ፊት ቁጭ ብለን «ይህ ቦታ ስሙን ከየት አገኘ? ከዚያ በፊትስ ማን ይባል ነበር? እነማን ነበሩበት? አሁን የት ናቸው?» ብለን እንጠይቅ። የመጨረሻዋን ጥያቄ አደራ እንዳትዘሏት። የሰማነውንም በቀን፣ በቦታና በተናጋሪው አነጋገር እንጻፍ፤ አናሳምረው። ሽማግሌዎቹ ዘላለም አይጠብቁንም፤ ቡልዶዘሩም አይጠብቅም።

እኔ የራሴን ጀምሬአለሁ። አሁን ከመገናኛ ታክሲ ስሳፈር የወያላው ጩኸት ሌላ ሆኖ ይሰማኛል። እሱ ራሱ ሳያውቀው በቀን መቶ ጊዜ የቀድሞ ሰዎችን በሥራቸው ይጠራል። ላም በረት! ይላል፤ ላሞቹ የሉም። ወረገኑ! ይላል፤ መስኩ የለም። እስካሁን «አቤት» ብሎ የመለሰለት የለም። ከእንግዲህ ግን ቢያንስ ማንን እየጠራ እንደ ሆነ የምናውቅ እንኑር።