ለኦርኬስትራ አልጽፍም ያለው የሙዚቃ ደራሲ

ሉዊ አንድሪሰን እ.ኤ.አ. በ1939 በኔዘርላንዷ ኡትሬክት ከተማ ሙዚቃ መተዳደሪያው ከሆነ ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ ሄንድሪክ የካቶሊክ ካቴድራል ኦርጋን ተጫዋችና በአገሩ የታወቀ የሙዚቃ ደራሲ ነበር። አጎቱ ቪለም ፒያኖ ይጫወት ነበር፤ ታላቅ ወንድሙ ዩሪያንም የአባቱን ሙያ ያዘ። በዚያ ቤት ከጀርመን ሙዚቃ ይልቅ የፈረንሳይ ይወደድ ነበር፤ ይህ ዝንባሌ ለልጁም ተረፈ። የጀርመኖቹ ግዙፍ ኦርኬስትራ ሳይሆን የስትራቪንስኪ ጥርት ያለ ድምፅና የአሜሪካ ጃዝ ይስቡት ነበር።

ከአባቱ ቀጥሎ ያስተማረው በዘ ሄግ ንጉሣዊ ኮንሰርቫቶሪ የነበረው ኬስ ቫን ባረን ነው። ከ1962 ጀምሮ ደግሞ በሚላንና በበርሊን ከጣሊያናዊው ሉቺያኖ ቤሪዮ ዘንድ ተማረ። ወደ አገሩ ሲመለስ አምስተርዳም በተማሪዎች እንቅስቃሴና በቬትናም ጦርነት ተቃውሞ እየተናጠች ነበር። በ1969 ከሌሎች አራት የሙዚቃ ደራስያን ጋር ሆኖ ስለ ቼ ጉቬራ የሚያወሳውን «ሪኮንስትራክሲ» የተባለ ኦፔራ ጻፈ። አጋሮቹ ፔተር ሻት፣ ሚሻ ሜንግልበርግ፣ ራይንበርት ዴ ሌው እና ያን ቫን ፍላይመን ነበሩ።

እነዚሁ ሰዎች በዚያው ዓመት ኖቬምበር 17 ቀን በኮንሰርትኸባው አዳራሽ ያደረጉት ነገር በኔዘርላንድ የሙዚቃ ታሪክ ውስጥ እስከ ዛሬ ይነሣል። የአገሪቱ ታላቅ ኦርኬስትራ በበርናርድ ሃይቲንክ መሪነት መጫወት ሲጀምር፣ በአዳራሹ የተቀመጡት ወጣቶች የለውዝ መስበሪያና ሌላም የሚንኳኳ ነገር አውጥተው ኮንሰርቱን በጫጫታ አወኩት። ኦርኬስትራው የዘመኑን ሙዚቃ ችላ ብሏል፣ ምን እንደሚጫወት የሚወሰነውም በዝግ በር ነው የሚል ቅሬታ ነበራቸው፤ በጉዳዩ ላይ በሕዝብ ፊት ውይይት እንዲደረግ ጠየቁ። ከአዳራሹ ተባረሩ። ድርጊቱ በለውዝ መስበሪያው ስም ሲጠራ ይኖራል።

ከጫጫታው በላይ ክብደት ያለው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። አንድሪሰን ለተለመደው ሲምፎኒ ኦርኬስትራ መጻፉን ተወ። ኦርኬስትራ በእሱ ዓይን ድምፁ ብቻ ሳይሆን አሠራሩም ያረጀ ተቋም ነበር፤ መሪው ያዛል፣ ሌላው ይታዘዛል፣ ተጫዋቹ በሚጫወተው ነገር ላይ ድምፅ የለውም። አዲስ ሙዚቃ ከተፈለገ መጀመሪያ አዲስ የተጫዋቾች ስብስብ መፈጠር ነበረበት። በ1972 «ዴ ፎልሃርዲንግ» የተሰኘ ሥራ ጻፈ፤ ትርጉሙ ጽናት ማለት ነው። ሥራውን ለመጫወት የተሰባሰበው ቡድንም ይህንኑ ስም ወሰደ። ሳክስፎን፣ ትራምፔትና ትሮምቦን የሚነፉት ከፊሎቹ ከጃዝ ከፊሎቹ ከክላሲካል የመጡ ነበሩ፤ ፒያኖ ላይ ራሱ አንድሪሰን ይቀመጥ ነበር። ከኮንሰርት አዳራሽ ውጭ፣ በፖለቲካ ስብሰባዎችም ይጫወቱ ነበር። ሁለት ዓይነት ትምህርት ያላቸው ነፊዎች አንድ ዜማ አብረው ሲነፉ የሚወጣው ሻካራና ጉልበተኛ ድምፅ ከዚያ በኋላ የደራሲው መለያ ሆነ።

በ1975 የተጻፈው «ወርከርስ ዩኒየን» ይህን አስተሳሰብ እስከ ጥጉ ይወስደዋል። ኖታው ምቱን በትክክል ይደነግጋል፤ የትኛው ድምፅ እንደሚጫወት ግን አይወስንም፣ ከፍ ወይም ዝቅ እንዲል ብቻ ያመለክታል። መሣሪያውም ማንኛውም ጮኽ ያለ ድምፅ የሚሰጥ ሊሆን ይችላል። ምርጫው የተጫዋቹ ነው፤ ምቱን ግን ሁሉም እንደ አንድ ሰው ካልጠበቀው ሥራው ይፈርሳል። ነፃነትና ዲሲፕሊን በአንድ ገጽ ላይ እንዲህ በጠራ መንገድ የተገናኙበት ሌላ ሥራ በዘመኑ ማግኘት ያስቸግራል። በዚያው ጊዜ የጻፈው «ሆኬቱስ» ስሙን ከመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ስልት ይወስዳል፤ ሁለት ተመሳሳይ ቡድኖች ፊት ለፊት ቆመው ድምፆቹን አንዱ ከሌላው እየተቀባበሉ ይመታሉ፣ አብረው ግን አይመቱም ማለት ይቻላል።

በዓለም ያስታወቀው በ1976 የተጠናቀቀው «ዴ ስታት» ነው። አራት ሴቶች ከፕላቶ «ሪፐብሊክ» የተወሰዱ ክፍሎችን በጥንታዊ ግሪክኛ ይዘምራሉ። አራት አራት ኦቦ፣ ትራምፔት፣ ሆርን፣ ትሮምቦንና ቪዮላ፣ ከሃርፕ፣ ከፒያኖ፣ ከኤሌክትሪክ ጊታርና ከቤዝ ጊታር ጋር ያጅቧቸዋል፤ ቫዮሊን የለም። ፕላቶ የሙዚቃ ቅኝት ሲለወጥ የአገር ሕግም ይናጋል ብሎ ይሰጋ ነበርና አንዳንድ ቅኝቶች እንዲከለከሉ ፈልጓል። አንድሪሰን ፈላስፋው እንደተሳሳተ ያምን ነበር፤ ሆኖም በመሳሳቱ ያዝን ነበር። ሙዚቃ ሕግን መለወጥ በቻለ ብሎ የሚመኝ ሰው መሆኑ በሥራው ቁጣ ውስጥ ይሰማል። ስለ ሥነ ጥበብና ፖለቲካ ከተጻፉ የዚያ ትውልድ ሥራዎች ብዙዎቹ መፈክር ሆነው ሲቀሩ ይህኛው ያልደበዘዘው ጥያቄውን ክፍት ስለ ተወው ነው።

ቀጥሎ ወደ ረቂቅ ጉዳዮች ዞረ። ስለ ጊዜ «ዴ ታይት»ን፣ ስለ ፍጥነት «ዴ ስኔልሃይት»ን ጻፈ። በ1989 በሮበርት ዊልሰን አዘጋጅነት በአምስተርዳም መድረክ ላይ የቀረበው «ዴ ማቴሪ» ስለ ቁስና መንፈስ የሚናገር ባለ አራት ክፍል ሥራ ነው። የሚጀምረው አንድን ኮርድ 144 ጊዜ በመምታት ነው። የመጀመሪያው ክፍል ኔዘርላንዳውያን በ1581 የስፔንን ንጉሥ የካዱበትን አዋጅና የመርከብ ሥራን ያወሳል። ሁለተኛው የ13ኛው ክፍለ ዘመን መንፈሳዊት ገጣሚ የሃደዊች ራእይ ሲሆን ቅርጹ የሬምስ ካቴድራልን መጠን ይከተላል፤ ሦስተኛው ስለ ሠዓሊው ሞንድሪያን ነው፤ አራተኛው ወደ ማሪ ኩሪ ሐዘን ይደርሳል። በ2014 ሃይነር ጎበልስ በጀርመን ሲያዘጋጀው በመጨረሻው ክፍል 100 በጎች መድረኩ ላይ ወጥተዋል።

ከእንግሊዛዊው የፊልም ሠሪ ፒተር ግሪንአዌይ ጋር «ሮዛ» እና «ራይቲንግ ቱ ቨርሚር» የተባሉትን ኦፔራዎች ሠራ። ከዳንቴ የተነሣው «ላ ኮሜዲያ» በ2008 በአምስተርዳም ታየና በ2011 የግራውማየርን ሽልማት አስገኘለት። በዘ ሄግ ኮንሰርቫቶሪ ለረጅም ዓመታት ሲያስተምር ስቲቭ ማርትላንድ፣ ሚሼል ቫን ደር አ እና ሌሎች ከእጁ ወጥተዋል። በኒው ዮርክ «ባንግ ኦን ኤ ካን» የተባለውን የአዲስ ሙዚቃ ድርጅት የመሠረቱት ደራስያንም ከእሱ ብዙ እንደ ወሰዱ ሥራቸው ይመሰክራል።

በ2013 ኮንሰርትኸባው ኦርኬስትራ 125ኛ ዓመቱን ሲያከብር ያ አንድ ጊዜ ኮንሰርቱን ያወከው ሰው «ሚስቴሪየን»ን ጻፈለት፤ ማሪስ ያንሶንስ መራው። ከዐሥርት ዓመታት በኋላ የተደረገ እርቅ ነበር። በ2018 ደግሞ የኒው ዮርክ ፊልሃርሞኒክ «አጋሜምኖን»ን ተጫወተ። የመጨረሻው ትልቅ ሥራው «ሜይ» ለጓደኛው ለፍራንስ ብሩኸን መታሰቢያ በኸርማን ጎርተር ግጥም ላይ የተጻፈ ነው። በዲሴምበር 2020 በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት አድማጭ በሌለበት አዳራሽ ተጫውቶ በሥርጭት ተላለፈ። በዚያን ጊዜ ደራሲው በመርሳት በሽታ ተይዞ መጻፍ አቁሞ ነበር። ጁላይ 1 ቀን 2021 በዌስፕ ከተማ በ82 ዓመቱ ዐረፈ።