ለቤት ወርክሾፕ የአርጎን ብየዳ ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት እነዚህን እዩ

ብዙዎቻችን "አርጎን" የምንለው ቲግ ብየዳ ለስቴንለስ፣ ለስስ ላሜራና ለአሉሚኒየም ተመራጭ ነው። ማሽኑ ግን ብዙ ብር ይበላል። በዚህ ላይ አሉሚኒየም እበይዳለሁ ብሎ ዲሲ ብቻ የሆነ ማሽን ገዝቶ ቤቱ የሚገባ አለ። ይሄ ስህተት ማሽኑን ከመቀየር ሌላ መፍትሔ የለውም።

👉 መጀመሪያ ምን እንደምትበይዱ ወስኑ

ለብረትና ለስቴንለስ ዲሲ በቂ ነው። አሉሚኒየም ግን ላዩ ላይ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን አለው። አሉሚኒየሙ በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀልጥ፣ ሽፋኑ የሚቀልጠው ከ2,000 ዲግሪ በላይ ነው። ይህን ሽፋን እየገፈፈ የሚበይደው ኤሲ ነው። ስለዚህ ማሽኑ "ኤሲ/ዲሲ" ካልሆነ፣ ሻጩ "ሁሉንም ይበይዳል" ቢላችሁም ለአሉሚኒየም አትግዙት። ሥራችሁ በር፣ መስኮትና የደረጃ መደገፊያ ብቻ ከሆነ ደግሞ ለኤሲ ብላችሁ ተጨማሪ ብር አታውጡ።

👉 አምፔሩን ብቻ አትዩ

ለብረት በ1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ከ30 እስከ 40 አምፔር ገደማ ይበቃል። 3 ሚሊ ከሆነ 100 አካባቢ ማለት ነው። ለቤት ሥራ እስከ 200 አምፔር የሚሰጥ ማሽን ከበቂ በላይ ነው። ዋናው "ዱቲ ሳይክል" የሚባለው ቁጥር ነው። በ200 አምፔር 60% ከተባለ፣ ከ10 ደቂቃ ውስጥ 6ቱን በይዶ 4ቱን ያርፋል። 20% ከሆነ ግን 2 ደቂቃ ሠርታችሁ 8 ደቂቃ ትጠብቃላችሁ።

👉 የቤታችሁን መስመር አስፈትሹ

ቤታችሁ የገባው ሲንግል ፌዝ 220 ቮልት ከሆነ የ380 ቮልት ማሽን አይሠራላችሁም። 200 አምፔር የተባለው ማሽኑ የሚያወጣው ነው፤ ከመስመሩ የሚስበው ያንሳል። ቢሆንም በሙሉ አቅሙ ሲሠራ ከ20 አምፔር በላይ ይስባል፤ በኤሌክትሮድ ስትበይዱበት ደግሞ ይጨምራል። ሽቦውንና ብሬከሩን ኤሌክትሪሺያን ይይላችሁ። በቀጭን ማራዘሚያ ገመድ በፍጹም እንዳትሞክሩት።

👉 እሳቱን እንዴት ያነሳል?

"ኤችኤፍ" ያለው ብረቱን ሳይነካ እሳት ያነሳል። "ሊፍት" ደግሞ ነካ አድርጎ ከፍ በማድረግ ይነሳል። ሊፍት ለብረት ይሠራል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ለአሉሚኒየም ግን ኤችኤፍ ያለውን ፈልጉ።

👉 ጋዙን ከማሽኑ በፊት አስቡ

ለቲግ የሚሆነው ንጹህ አርጎን ነው። ለሚግ የሚሸጠው፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተቀላቀለበት ጋዝ ቱንግስተኑን ያበላሻል። በ150 ባር የተሞላ የ10 ሊትር ሲሊንደር፣ በደቂቃ 8 ሊትር ብትጠቀሙ 3 ሰዓት ገደማ ይበይዳል። የት እንደሚሞላና ስንት እንደሚያስከፍል ቀድማችሁ ጠይቁ።

⚠️ ጥንቃቄ፦ አርጎን ሽታ የለውም፣ ከአየርም ይከብዳል። በተዘጋ ክፍል ኦክስጅኑን ገፍቶ ሳይታወቅ ራስን ሊያስት፣ ሊገድልም ይችላል። በርና መስኮት ክፈቱ። ጫፉ ቀይ የሆነው ቱንግስተን ቶሪየም የሚባል ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ስላለበት ሲሞረድ አቧራው መተንፈስ የለበትም። ወርቃማውን ወይም ሰማያዊውን ብትመርጡ ይሻላል።

በመጨረሻ፣ ገበያ ስትሄዱ የምትሠሩበትን ብረት ወይም አሉሚኒየም ቁራጭ ይዛችሁ ሂዱ። ሱቁ ውስጥ አስበይዳችሁ ሳታዩ ብር አትክፈሉ።

ማሽን ሊገዛ ላሰበ ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት።