እጅ ያቆመው ጫካ

በኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ሰሜናዊ ክፍል ዛፍ የሸፈነው ሸለቆ አለ። ጅረቱ በቋጥኝ መሀል ሲንፏፏ የሰማ ሰው፣ ከተማው ከመቆርቆሩ በፊት የነበረ ደን ሳይነካ ተርፎ ነው ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም። ማስረጃው የሚያሳየው ግን ሌላ ነው። የእንግሊዝ ጦር ከ1776 እስከ 1783 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ከተማውን ይዞ ሲቆይ የማንሃታን ዛፍ ለማገዶ ተጨፍጭፏል። በ1814 ደግሞ ጠላት ዳግም ይመጣል ተብሎ በዚሁ አካባቢ ኮረብታዎች ላይ ምሽግ ተሠራ፤ አንደኛው የድንጋይ ምሽግ ዛሬም ቆሟል። ፍሬደሪክ ሎው ኦልምስቴድና ካልቨርት ቮክስ በ1858 የፓርኩን የንድፍ ውድድር ካሸነፉ በኋላ ጅረቱ ተገደበ፤ ኩሬና ሎክ የተባለው ጠባብ ሐይቅ ተፈጠሩ፤ ፏፏቴዎቹም በድንጋይ ተበጁ። የ1866ቱ የሀድልስቶን ድልድይ ከሁሉ የላቀ ምስክር ነው፦ ግዙፍ ቋጥኞች ያለ ምንም ማጣበቂያ፣ በክብደታቸው ብቻ ተደጋግፈው የቆሙበት፣ ተራራ የወለደው እንጂ ግንበኛ የሠራው የማይመስል ቅስት። ውሃው እንኳ ዛሬ በአብዛኛው ከከተማው ቧንቧ የሚለቀቅ ነው። እንግዲህ ይህ ጫካ የተረፈ ሳይሆን የተሠራ ነው።

ሸለቆውን የቆፈረው ሰው አይደለም፣ አለቱን ያረሰው የጥንት የበረዶ ግግር ነው የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ ነዳፊዎቹ ራሳቸው የፓርኩ ሰሜናዊ ክፍል በተቻለ መጠን እንዳይነካ በእቅዳቸው ጽፈዋል። ነገር ግን በጥቂቱ መንካት አለመንካት አይደለም፤ ግድቡ፣ ቋጥኙና ቧንቧው የዚያ ቁጥብ እጅ ሥራዎች ናቸው።

ከዚህ የሚከብደው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ሰው ሠራሽ ከሆነ፣ ሌላ ሰው በሌላ ግንባታ ቢተካው ምን ይጎዳል? ለዚህ መልሱ በ1966 የሸለቆው አፍ ላይ የተገነባው የላስከር መዋኛና የበረዶ መንሸራተቻ ነው። አገልግሎቱ ለሰፈሩ ሕዝብ፣ በተለይም ለሃርለም ልጆች፣ እውነተኛ ጥቅም ነበረው፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። ግን ጅረቱን በቱቦ ውስጥ ቀብሮ ሸለቆውን ሃርለም ሚር ከተባለው ሐይቅ ቆረጠው። በ2025 በእሱ ቦታ የተከፈተው አዲሱ ማዕከል መዋኛውንም መንሸራተቻውንም ይዞ ጅረቱን ዳግም ወደ ፀሐይ አውጥቶታል፤ ስለዚህ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ አልነበረም። የተሠራ ጫካ ግን ጠባቂ ይፈልጋል፦ ጎርፍ በሚያመጣው ደለል የሚጠበውን ሎክ መጥረግ በየጊዜው የሚደገም ሥራ ነው፤ ለዚህ ሠራተኛና ገንዘብ ሊነፈገው አይገባም።